ኦክስጅን ስታስሞሉ «700 ደርሷል» ቢሏችሁ እንዳትሸወዱ

የኦክስጅን ሲሊንደር የምታስሞሉ ሰዎች፣ ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) ሳታነቡ እንዳትከፍሉ። እኔ ከፍዬ ነው የተማርኩት።

እናቴ ቤት ሆና በደቂቃ 2 ሊትር ኦክስጅን ትወስዳለች። ባለፈው የ10 ሊትሩን ሲሊንደር ሳስሞላ ሻጩ ጌጁን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ይኸው፣ 700 ደርሷል። ሙሉ ነው፣ ለ12 ሰዓት አታስብ» አለኝ። ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ አመንኩት። 4 ሰዓት ገደማ ብቻ እንደሠራ ቀስቱ ዜሮ ላይ ተኛ። መጠባበቂያ ባይኖረን ምን ይውጠን ነበር?

ጌጁን ጠጋ ብዬ ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ። ሁለት ረድፍ ቁጥር አለው፤ የውጪው በፒኤስአይ፣ የውስጡ በደቃቅ ጽሑፍ በባር፤ ሁለቱም የግፊት መለኪያ አሃዶች ናቸው። 700 ፒኤስአይ ማለት 48 ባር ገደማ ነው። የእኛ ሲሊንደር ሞላ የሚባለው ደግሞ 150 ባር ሲደርስ ነው። ሲሶ እንኳ አልሞላም!

ሒሳቡ ሳይንቲስቱ ሮበርት ቦይል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1662 ያሳተመው ነው፦ ሙቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ የጋዝ ግፊትና ይዘት (የሚይዘው ቦታ) ሲባዙ ውጤቱ ያው ነው። ግፊቱ በግማሽ ሲቀንስ ይዘቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 10 ሊትር ውስጥ በ150 ባር የታጨቀ ጋዝ 1 ባር ገደማ ግፊት ወዳለው የውጪ አየር ወጥቶ ሲሰፋ 1500 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ለእናቴ ከ12 ሰዓት በላይ። በ48 ባር ግን 480 ሊትር ነው፤ ለ2 ሲካፈል 240 ደቂቃ። ሲሊንደሩ ላይ የተቀረጸው 10 የብረቱን ሆድ ስፋት እንጂ የገዛችሁትን ጋዝ አይነግራችሁም።

ሲሊንደሩንም ዳሰስ አድርጉት። ሲሞላ ይሞቃል፣ ሙቀቱም ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። በ50 ዲግሪ 150 ባር ያነበበ ጌጅ ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 136 አካባቢ ይወርዳል። ይሄ ሁሌ ተንኮል አይደለም፤ ቢሆንም ቀዝቅዞ ይነበብላችሁ።

የማብሰያ ጋዝ ግን በዚህ ሒሳብ አይሄድም። ውስጡ ፈሳሽ ስለሆነ፣ ፈሳሹ እስኪያልቅ ግፊቱ እምብዛም አይወርድም። እሱን በሚዛን ነው።

ሲሊንደሩን መልሼ ስወስድለት ሻጩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወንድሜ፣ 10 ሊትር አልኩህ፣ 10 ሊትር ሰጠሁህ።» አሁን ከመክፈሌ በፊት የባሩን ረድፍ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ።