ፊቱን ወደ ልጄ አዙሮ ለሚራመደው መምህር

ሰላም ለሁላችሁም። በተለይ ለእናንተ፣ ከትምህርት ቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር «ደግሞ ምን ሊሉኝ ነው» ብላችሁ ለምትደነግጡ እናቶችና አባቶች። ይሄን የምጽፈው አንድ መምህር ለማመስገን ነው። ለማመስገን ብቻም አይደለም፣ እንድታውቁት ነው። ልጅ ያለው ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ነው።

ልጄ አሥር ዓመቷ ነው። በሁለቱም ጆሮዋ ማሽን ታደርጋለች። በማሽኑ ትሰማለች፣ ግን እንደኔና እንደናንተ አይደለም። ሰው ጀርባውን ከሰጣት፣ ነፋስ ከበዛ፣ ብዙ ሰው ባንዴ ካወራ ይምታታባታል። ስለዚህ አፍ ታያለች። የሰው አፍ እያየች ነው ያደገችው።

እዚህ ከመድረሳችን በፊት ሁለት ትምህርት ቤት ቀይረናል። ስማቸውን አልጠራም። ግን የሆነውን እናገራለሁ፣ ምክንያቱም እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ልጆቹ ለጉብኝት በወጡ ቁጥር እሷን ላይብረሪ ያስቀምጣት ነበር። «ለደህንነቷ ሲባል ነው» ይሉኛል። የጉብኝቱን ገንዘብ ግን ከሁሉም እኩል አስከፍለውኛል። ልጄ ከስምንት ሰዓት በላይ ብቻዋን ሥዕል ስትስል ውላ ትመጣለች። ሥዕሎቹ ላይ ሁሌም አውቶብስ አለ።

ሁለተኛው ይብስ ነበር። እነሱ «እንወስዳታለን» አሉ። ደስ አለኝ። ኮፍያ ገዛሁ፣ ምሳ ቋጠርኩ፣ ጠዋት ሸኘኋት። ማታ በቴሌግራም የክፍሉ ፎቶ መጣ። ሁሉም ልጆች አሉ፣ እሷ የለችም። ደውዬ ስጠይቅ «ደክሟት ነው» ተባልኩ። እውነቱን የነገረኝ ሾፌሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ልጄን ጫካ ውስጥ ስንጠራት አትሰማም፣ ትጠፋብናለች ብለው መኪና ውስጥ አስቀምጠዋት ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር ነው የዋለችው። ቆሎውን አካፍሏታል። ኮፍያው ከነመለያ ወረቀቱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ጉብኝት የሚል ቃል ስሰማ ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር። አሁን ያለችበት ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ነው። ክፍያው የኛ አቅም አይደለም፣ የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ስለሚሸፍንልን ነው የገባችው። ስትገባ ያሳዩኝ ፕሮግራም ላይ ግማሹ ነገር ከክፍል ውጭ ነው። የጓሮ አትክልት፣ እንጦጦ፣ መናገሻ፣ መልካ ቁንጥሬ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ደግሞ ላይብረሪ ልትቀመጥ ነው ብዬ።

ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ። እኔ ያው ደነገጥኩ። የውጭ ትምህርቱን የሚያስተባብረው መምህር ነው። «ልጅዎ የምታደርገው ማሽን ባትሪው የቱ ነው?» አለኝ። ምን አልክ? አልኩት። «ባትሪው። ቁጥሩን ካላወቁት የተለጣፊውን ቀለም ይንገሩኝ።» ብርቱካናማ ነው አልኩት። «እሺ አመሰግናለሁ፣ እኔ ቦርሳ ውስጥ ትርፍ እንዲኖር ነው» ብሎ ዘጋው። ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ባትሪውን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ነው።

የዚህን ዓመት ጉዞ በሙሉ ልዘርዝረው ብል አያልቅም። ጓሮ ውስጥ ጎመንና ቀይ ሥር ተክለዋል፣ ልጄ የተከለችውን ጎመን ይዛ መጥታ በልተነዋል። እንጦጦ ወጥተው ከባሕር ዛፉ ሥር ያለውን አፈርና ከጥዱ ሥር ያለውን አፈር በእጃቸው እያፈሱ አስተያይተዋል። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ መሆኑን እኔም የሰማሁት ከእሷ ነው። መናገሻ ሱባ ሄደው ትልልቅ ዝግባዎችን እጅ ለእጅ ተያይዘው ለክተዋል። ጫካው ከአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጀምሮ ሲጠበቅ የኖረ ነው ይባላል፣ ልጄም ማታ ለአባቷ በስልክ ይሄንኑ ስታስረዳ ሰማኋት። ጉሬዛ አይታለች። ሦስት ቀን ሙሉ ጉሬዛ ብቻ ነው የሣለችው። ሥዕሉ ላይ አውቶብስ የለም።

የመልካ ቁንጥሬው ጊዜ ግን አጃቢ ወላጅ ስለተፈለገ እኔም ሄድኩ። እዚያ ያየሁትን ነው መናገር የምፈልገው።

መልካ ቁንጥሬ በቡታጅራ መንገድ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዋሽ ወንዝ ዳር። ስንቴ በዚያ መንገድ አልፌያለሁ፣ አንድ ቀን ቆሜ አላውቅም። የጥንት ሰዎች ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ የኖሩበት፣ የድንጋይ መሣሪያ የሠሩበት ቦታ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ከባልጭት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባልጭት የምትባለው እዚያው አጠገብ ያለች ቦታ ናት፣ ስሟ ያው ባልጩት ከምንለው ጥቁር የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ነው። አያቴ «ምላሱ ባልጩት ነው» ስትል ድንጋይ መሆኑን እንኳን አላውቅም ነበር።

ከመኪና እንደወረድን መምህሩ ከአንገቱ ላይ አንድ ትንሽ ነገር አንጠለጠለ። ትምህርት ቤቱ የገዛው ነው። እሱ ሲናገር ድምፁ ቀጥታ ልጄ ጆሮ ውስጥ ይገባል፣ እንዴት እንደሚሠራ አትጠይቁኝ፣ አላውቅም። ከዚያ መራመድ ጀመረ። ወደ ኋላ። ልጆቹን እየመራ፣ ፊቱን ወደነሱ አዙሮ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ። መንገዱ ሲበላሽ ይቆማል፣ ዞሮ ያያል፣ ጥቂት ዝም ብሎ ይሄዳል፣ እንደገና ዞሮ ያወራል። ጀርባውን ሰጥቷቸው አንዲት ቃል አልተናገረም። ማንም ልጅ ለምን ብሎ አልጠየቀውም፣ ለምደውታል። እኔ ግን እንባዬ መጣ። መነጽሬን አደረግሁ።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። ጠዋት ፀሐይ ነበር፣ ልጆቹ ሲሯሯጡ ላብ በላብ ሆኑ፣ ከዚያ ካፊያ ጣለ። የልጄ ማሽን ጸጥ አለ። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው። ሁለቱንም አወለቀችና በመዳፏ ጨብጣ መጥታ ከኋላዬ ተደበቀች። «መኪና ውስጥ ልግባ» አለችኝ። ማንም መኪና ውስጥ ግቢ ሳይላት። ያንን ከየት እንደተማረችው አውቃለሁ።

መምህሩ አየን። አልጮኸም፣ አልሮጠም። መጥቶ በርከክ አለና መዳፉን ዘረጋላት። ጥቂት አይታው ሰጠችው። ከወገቡ ቦርሳ ትንሽ ብልቃጥ አወጣ፣ ውስጧ ፍሬ ፍሬ ነገር አለ፣ እርጥበት ይመጥጣል መሰለኝ። ማሽኖቹን ጠራረገ፣ ነፋ፣ የሆነች ቀጭን ነገር ፈታ፣ ብልቃጡ ውስጥ ከቶ ዘጋ። ባትሪም አወጣ። ባለ ብርቱካናማ ተለጣፊ። ከዚያ በጣቱ «ትንሽ ይቆይ» ብሎ አሳያት።

እኔ የጠበቅሁት፣ በቃ እሷ ከእናቷ ጋር ትቀመጣለች፣ ሌሎቹ ይቀጥላሉ ነው። እሱ ግን ወደ ልጆቹ ዞሮ እንዲህ አለ፦ «እዚህ የኖሩት ሰዎች እንደኛ ቋንቋ ይኑራቸው አይኑራቸው አናውቅም። ምናልባት አንዱ ካንዱ የተማረው እጅ እያየ ነው። ስለዚህ አሁን ማንም ቃል አይናገርም። እኔም አልናገርም።» ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ሃያ ሁለት ልጅ ዝም አለ።

ከከተማ በጆንያ ያመጣቸውን ድንጋዮች ዘረገፈ። የቦታው ድንጋይ አይነካም፣ ይሄን ቀድሞ ነግሯቸዋል። ጓንትና መነጽር አደላቸው። ቁጭ ብሎ አንዱን ድንጋይ ጭኑ ላይ አድርጎ በሌላው መታው። ስስ ስባሪ ወደቀ። ደገመው፣ በቀስታ፣ እጁን እያሳየ። ከዚያ ለልጆቹ ተራ ሰጠ። አብዛኞቹ አቃታቸው። በኃይል ይመታሉ፣ ድንጋዩ ይፈነጣጠራል። የልጄ ተራ ሲደርስ ዝም ብላ ድንጋዩን አገላብጣ አየችው። የመምህሩን አንጓ ነበር ስታይ የቆየችው፣ አሥር ዓመት ሙሉ የሰው አፍና እጅ ስታይ የኖረች ልጅ ናት። ሦስተኛው ምቷ ላይ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሆነ ስስ ቅጠል የመሰለ ስባሪ ተላቀቀ። መምህሩ አነሳው፣ ወደ ሰማይ ይዞ ብርሃን አሳየበት፣ ከዚያ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ አርገበገበ። በምልክት ቋንቋ ጭብጨባ ማለት ነው። ሃያ ሁለቱም ልጆች እጃቸውን አነሱና አርገበገቡ።

ያንን ሳይ አጎቴ ትዝ አለኝ። የእናቴ ታናሽ ወንድም። አይሰማም ነበር፣ በልጅነቱ በትኩሳት ነው የደነቆረው ይባላል። ሰፈሩ በስሙ ሳይሆን «ደንቆሮው» ብሎ ነበር የሚጠራው። ከብት ጠበቀ፣ አጥር አጠረ፣ ኖረ፣ ሞተ። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። እጁ ግን ያላየውን አይሠራም እንጂ ያየውን ሁሉ ይሠራ ነበር፣ የሰፈሩን በርጩማ በሙሉ የጠረበው እሱ ነው። ለእሱ ወደ ኋላ የተራመደለት ሰው አልነበረም። ያን ቀን አዋሽ ዳር ቆሜ ስለ እሱ አለቀስኩ፣ ከሞተ ከስንት ዓመት በኋላ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማሽኖቹ ሠሩ። አንዱ ወዲያው፣ ሌላው ሲደጋግመው። ልጄ አደረገቻቸውና ፈገግ አለች። ከዚያ መምህሩ ስለ እግር አሻራው ነገራቸው። እዚያው መልካ ቁንጥሬ ከ700 ሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሕፃናት በጭቃ ላይ የተዉት አሻራ ተገኝቷል። ገና አንድና ሁለት ዓመት የሚሆናቸው ሕፃናት። ልጄ እጇን አወጣች፣ ሰው ፊት እጇን ስታወጣ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፣ «እናታቸው አብራቸው ነበረች?» አለች። እሱም «የትልቅ ሰው አሻራም አብሮ ተገኝቷል፣ እናታቸው ትሁን አትሁን ግን ጭቃው አልነገረንም» አላት። መኪና ውስጥ ስንመለስ ስለዚያች እናት ነበር የምታወራኝ። ነበረች ብላ ወስናለች።

እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሰው ነው። ደግሜ እላለሁ፣ እንዲህ ዓይነት መምህር አላየሁም። እውቀት ያለው ብዙ ነው፣ ፎቶ የሚያነሳም ብዙ ነው። የልጅን ባትሪ ቁጥር ይዞ የሚዞር ግን የት ይገኛል? ትምህርት ቤቱንም አመሰግናለሁ፣ ሥራውን እንዲህ እንዲሠራ ስለፈቀዱለት፣ ያቺን የአንገት መሣሪያ ስለገዙ።

አሁን ዋናው ነገር። መምህሩ ቅዳሜ ቅዳሜ የሌላ ትምህርት ቤት ልጆችንም በትንሽ በትንሽ ቡድን ይወስዳል፣ ብዙ ጊዜ እንጦጦና ጉለሌ እጽዋት ማዕከል፣ አንዳንዴ መናገሻ። በክረምትም ፕሮግራም አለው። ዋጋው የሚቻል ነው፣ ላልቻለ ደግሞ ያነጋግራል። መስማት ለሚቸግረው፣ ማየት ለሚቸግረው፣ ቶሎ ለሚደክመው ልጅ «አይሆንም» ሲል አልሰማሁም። መጀመሪያ ይደውልና ይጠይቃል። ስለዚህ ስልካችሁ ሲጠራ አትደንግጡ።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ ደስ አይለውም። ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። እባካችሁ ዝም አትበሉ፣ በተለይ ልጃችሁን እቤት ያስቀራችሁ። እኔም አስቀርቼ አውቃለሁ። ጻፉልኝ። ይሄንንም ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉት።

ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብከው፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ዘርህ ይባረክ። የሰባበረችውን ድንጋይ ሰጥተሃት የለ? መስኮት ላይ አስቀምጣዋለች፣ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ጠርዙ ያበራል። የዚህ ቅዳሜውንም ሰምታለች። ዛሬ ገና ረቡዕ ነው፣ ያ ኮፍያ ግን ከአሁኑ በር ላይ ተሰቅሏል። መለያ ወረቀቱን ራሷ ቆርጣ ጥላዋለች።