የካሜራ ዕቃ ከሞት በኋላ፦ ዝርዝር መተው ወይስ በቁም መስጠት?

ለቤተሰብ ዝርዝር ትቶ ማለፍ እስከ መጨረሻው ፎቶ ለማንሳት ያስችላል። «አንድ ካሜራ፣ ሦስት ሌንስ» የሚል ዝርዝር ግን ለሻጩ ምንም አይነግረውም። ሞዴሉ፣ ሴሪያል ቁጥሩ፣ እንከኑ፣ የትኛው ቻርጀር የየትኛው ካሜራ እንደሆነ ይጻፍ፤ ግምቱም በየዓመቱ ይታረም። ካሜራ የማያውቅ ሰው ባለ 1.4ቱን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ (የብርሃን መግቢያው ሰፊ የሆነውን፣ ውዱን) ከባለ 1.8ቱ አይለይም፤ በርካሹ ዋጋ ይሸጠዋል።

ከሁሉ የሚብሰው መዘግየቱ ነው። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ቦርሳውን ለወራት አይከፍትም። ፍላሹ ውስጥ የቀሩት አልካላይን ባትሪዎች ፈሳሽ አውጥተው የብረት መገናኛውን ሊበሉት ይችላሉ። የክፍሉ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ከቆየ ደግሞ ሌንሱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ሊዘረጋ ይችላል፤ የመስታወቱን ሽፋን ከበላ ማጽዳትም አይመልሰውም።

በቁም መስጠት ከዚህ ሁሉ ያድናል። ተቀባዩ የዕቃውን አመል ከባለቤቱ አፍ ይሰማል፤ ወራሾችም አይጨቃጨቁበትም። ጉዳቱ ግልጽ ነው፦ ቶሎ የሰጠ እጁ ባዶ ይቀራል። ዓመት ሙሉ ያልተነካውን ዛሬ መስጠት፣ የሚሠራበትን በዝርዝር ማቆየት ይሻላል። ሚሞሪ ካርዱ ግን የግል ፎቶዎች ስለሚኖሩበት በየትኛውም መንገድ ከካሜራው ጋር አይሂድ።