አባቴን በክብር ላስተናገደችው አስጎብኚ ምስጋናዬ ይድረስ

ይህን የምጽፈው በአንዲት ትንሽ የአካባቢ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ለምትሠራው አስጎብኚ ነው። «ስሜ ይቅር» ስላለች በስም አልጠራትም፤ የሄደ ሁሉ ግን ያውቃታል።

አባቴ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ዓይኑም ደክሟል። ታሪክ ግን ነፍሱ ነው። ከዚህ በፊት ይዤው የሄድኩባቸውን ቦታዎች ባልጠራቸውም እስካሁን ያንገበግቡኛል። አንዱ ጋ በስልክ «ምንም ችግር የለም፣ ይምጡ» ተብለን ስንደርስ የደረጃ መዓት ጠበቀን። ጎረምሶች ተጠርተው እንደ ጆንያ ሊሸከሙት ሲረባረቡ አባቴ «ተዉኝ፣ እዚሁ ልቀመጥ» አለ። ሌላው ጋ መወጣጫ ያሉት ነገር ቀጥ ያለ ዳገት ነበር፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥብኝ ምንም አልቀረው። ከሁሉ የባሱብኝ ደግሞ እሱ ፊታቸው ቁጭ ብሎ እኔን «ይሰማሉ?» ብለው የጠየቁኝ ናቸው። ጆሮው እኮ ከእኔ ይሻላል!

ይቺ ልጅ ግን ስደውልላት መጀመሪያ ያለችኝ «የወንበሩ ስፋት ስንት ነው?» ነው። በሩን ለክታ መልሳ ደወለች። ፎቁ ሊፍት እንደሌለው አልደበቀችኝም፤ የላይኛውን ክፍል ዕቃዎች በትልልቁ ፎቶ አንስታ በአልበም አዘጋጅታ ጠበቀችን። መወጣጫቸው ለምን እንደረዘመ ስጠይቃት፣ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት እንደሚያስፈልግ ነገረችኝ። ሌላም ብዙ አስረድታኝ ነበር፣ አልያዝኩትም። ብቻ አባቴን ብቻዬን ገፍቼ አስገባሁት።

ገና ስንገባ ፊት ለፊቱ በርከክ ብላ «አባባ፣ ወንበሩን ልግፋልዎት?» አለችው። እኔን አይደለም፣ እሱን።

ከዚያ አንድ የድሮ ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ጋ ደረስን። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበር። ሌላ ቦታ «መንካት ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍ ነው የሚቀበለን፤ እሷ ግን «ይህኛው ይነካል» ብላ ወንበሩን አስጠጋችለት። ጣቶቹ መዘውሩን አገኙ፣ ወደ ታች ወረዱ፣ ቆም አሉ። «መርፌው ዞሮ ነው የገባው» አላት። ሮጣ ደብተር አመጣችና «እንዴት ነው መግባት ያለበት አባባ?» ብላ እያንዳንዷን ቃሉን ጻፈች። ድምፁ እንደዚያ ሲጎላ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 30 ላይ ሙዚየምን በስሙ ጠርቶ መግባት መብት መሆኑን እንደሚደነግግ የሰማሁት ከእሷ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን በየበሩ ውለታ የምለምን ይመስለኝ ነበር።

እባካችሁ ወላጆቻችሁን ቤት አታስቀሩ፣ ይዛችኋቸው ሂዱ። ቀድማችሁ ደውሉላት፤ ግርግር የሌለበትን ሰዓት ራሷ ትነግራችኋለች። ዓይን ለደከመው በትልቅ ፊደል የታተመ መግለጫ፣ መቆም ለሚከብደው የሚታጠፍ ወንበር አላት። ሳትጠይቋት ታመጣለች፣ እናንተ ብቻ ሂዱ!

እህቴ፣ ክፉ አይንካሽ፣ እጅሽ ይባረክ። አባቴ «ስለዚያ የስፌት መኪና ገና ያልነገርኳት አለኝ» እያለ ስለሆነ በቅርቡ እንመጣለን።