ማስጠንቀቂያ፦ «ሳብ ከመድረክ ስር፣ ካርዲዮይድ» ለሚል ፓኬጅ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ሠርግ፣ ኮንሰርት ወይም የአምልኮ ፕሮግራም የምታዘጋጁ ሰዎች ይህን ሳታነቡ አትፈርሙ። አንዳንድ የሳውንድ አከራዮች ፕሮፎርማ ላይ «ሳብ ዉፈሩ ከመድረክ ስር ይገባል፣ ካርዲዮይድ ነው፣ መድረክ ላይ ባስ አይረብሽም» ብለው ይጽፉና ተጨማሪ ዋጋ ይጠይቃሉ። ሳብ ዉፈር (ሳብ) ባስ ብቻ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር ነው፤ ካርዲዮይድ ማለት ደግሞ ባሱ ወደ ሕዝቡ እንዲሄድ፣ ወደ መድረኩ ግን እንዲቀንስ አድርጎ መደርደር ነው። አሠራሩ ውሸት አይደለም፤ በአግባቡ ከተሠራ ለታዳሚውም ለሙዚቀኛውም ይበጃል። ነገር ግን ገንዘባችሁ ለስሙ ብቻ ሊሄድ ይችላል። ተራ ሳጥኖች መድረክ ስር ይገፋሉ፣ ሁለቱ ሦስቱ ፊታቸውን ወደ ኋላ ያዞራሉ፣ በቃ። ማታ ላይ ዘፋኙ ራሱን መስማት ያቅተዋል፣ የማሲንቆው ማይክ ያጓራል፣ ሳውንድ ማኑ ደግሞ መድረኩን ለማዳን ሲል የሕዝቡን ባስ ይቀንሳል። የከፈላችሁበት ባስ ለማንም አልደረሰም ማለት ነው።

ተራ ሳብ አቅጣጫ የለውም። የ60 ሄርትዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ የሚርገበገብ) ድምፅ አንድ ሞገድ 5.7 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ የ40 ሄርትዙ ደግሞ 8.6 ሜትር። ከሳጥኑ ይህን ያህል የሚበልጥ ሞገድ በሳጥኑ ዙሪያ ይጠመዘዝና ወደ ኋላም ወደ ላይም ከፊት እምብዛም ባልተናነሰ ጉልበት ይወጣል። ርቀቱን ጨምሩበት፦ ገላጣ ቦታ ላይ ርቀት በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይወርዳል። ድራመሩ ከሳቡ 2 ሜትር፣ የመሐል ታዳሚው 16 ሜትር ላይ ቢሆኑ ድራመሩ ጋ የሚደርሰው ባስ በ18 ዴሲቤል ይበልጣል። ለሕዝቡ የሚበቃ ባስ ሲከፈት መድረኩ ላይ ያለው ሰው ምን እንደሚደርስበት ከዚህ ቁጥር ይታያል።

ታዲያ ለምን መሐል ላይ ይደረጋል? ግራና ቀኝ ተለያይቶ የተቆለለ ሳብ መሐል መስመሩ ላይ ይደረብና ወደ ጎን ሲኬድ ይጠፋል። አንድ ሰው ከአንዱ ቁልል ይልቅ ለሌላው በ2.85 ሜትር ከቀረበ 60 ሄርትዙ እርስ በርሱ ይጣፋበታል። መሐል ላይ በአንድ ረድፍ የተደረደረ ሳብ ይህን ችግር ያቃልላል። ስለዚህ ሐሳቡን አትጥሉት፤ የሚመረመረው አፈጻጸሙ ነው።

ካርዲዮይድ የሚባለው ወደ ኋላ የዞረው ሳጥን ፖላሪቲው ተገልብጦ፣ ማለትም ሌሎቹ አየሩን ሲገፉ እሱ እየሳበ፣ በትክክለኛ ዲሌይም (መዘግየት) ዘግይቶ የፊተኞቹን ድምፅ ከኋላ በኩል ሲያጠፋ ነው። የተለመደው ክምር ሦስት ሳጥን ነው፤ ሁለቱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ። የሳጥኑ ጥልቀት 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዲሌዩ ከ2.3 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይጀመርና በመለኪያ ይስተካከላል፤ አምራቹ ያዘጋጀው ፕሪሴት (ዝግጁ ማስተካከያ) ካለ እሱ ይቀድማል። ሳጥኖቹ አንድ ዓይነት ሞዴል መሆናቸው ግዴታ ነው። ከየመጋዘኑ የተለቀመ የሦስት አምራች ሳብ አንዱ ከሌላው ጋር በጊዜ ስለማይገጥም መጣፋቱ አይሳካም።

እዚህ ላይ ማንም ሰው ሊያየው የሚችል ምልክት አለ፣ ገመዱን ተከተሉ። ፓሲቭ ሳብ (አምፕሊፋየሩ ከውጭ የሆነ) ከሆነ ወደ ኋላ የዞረው ሳጥን የራሱ የአምፕሊፋየር ቻናልና የራሱ የፕሮሰሰር (ሲግናሉን የሚያዘገይና የሚያስተካክል መሣሪያ) መውጫ ሊኖረው ይገባል። ከፊተኛው ሳጥን ጀርባ በአጭር ገመድ ተቀጥሎ ከሆነ ሁሉም አንድ ሲግናል ነው የሚያገኙት፤ ማዞሩ ለዓይን ብቻ ነው። «ገመዱን ገልብጠን አስረነዋል» የሚል መልስ ደግሞ ይብሳል፤ ያለ ዲሌይ ፖላሪቲ ብቻ ከተገለበጠ የሕዝቡም ባስ አብሮ ይበላል። አክቲቭ ሳብ (አምፕሊፋየሩ በውስጡ ያለ) ከሆነ አንዳንዱ የካርዲዮይድ ማስተካከያ በጀርባው ሜኑ ላይ ስላለው የዞረውን ሳጥን ሜኑ አሳዩኝ በሉ።

«ጉልበቱ ሳይቀንስ ኋላው ጸጥ ይላል» የሚላችሁን አትመኑ። ወደ ኋላ የዞረው ሳጥን ሥራው ማጥፋት ስለሆነ ሦስት ሳጥን በካርዲዮይድ፣ ሦስቱም ወደ ፊት ቢዞሩ የሚሰጡትን ያህል ወደ ሕዝቡ አይልክም። በስድስት ሳጥን የሚሸፈን ሜዳ ካርዲዮይድ ሲሆን ተጨማሪ ሳጥን ይፈልጋል። የሳጥን ቁጥር ሳይጨምር ዋጋ ብቻ ከጨመረ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ቦታው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ወደ ኋላ የዞረው ሳጥን ከፊቱ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ክፍት አየር ይፈልጋል፣ ጎኖቹም መታፈን የለባቸውም። ከመድረክ በታች በኮምፔንሳቶ ወይም በጣውላ የታጠረ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ድምፁ እየተጋጨ ስለሚመለስ ስሌቱ ይፈርሳል፣ ጉድጓዱም ራሱ ይጮኻል። ስስ ጨርቅ ችግር የለውም፤ ብቻ አክቲቭ ሳብ አምፑ እንዳይታፈን አየር መግቢያ ይተውለት። የሆቴል አዳራሽ ውስጥ መድረኩ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ከግድግዳው የሚመለሰው ድምፅ ስለሚቀላቀል ገላጣ ቦታ ላይ የታየውን ውጤት አትጠብቁ። ከሁሉ የሚሻለው ረድፉን ከመድረኩ ጠርዝ ፊት ማውጣት ነው። ስር መግባቱ ግድ ከሆነ ደግሞ የፊት ገጹ ከመድረኩ ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን እንጂ ወደ ውስጥ አይገፋ።

ሳጥኑ የመድረኩን ወለልም ሆነ እግሮች አይንካ። ከላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው፣ ከታች ወፍራም ጎማ ይነጠፍ። ሳብን የመድረክ ድጋፍ አድርጎ ማስገባት፣ «ወለሉ እንዳይረግብ» እየተባለ፣ ፈጽሞ መፈቀድ የለበትም። መንቀጥቀጡ በወለሉ አድርጎ በማይክ እግሮች ይወጣል፤ በቆዳ የተወጠረ ማሲንቆ፣ ክራርና ከበሮ ደግሞ አየር ላይ ያለውን ባስ ራሳቸው ይቀበላሉ። በረድፉ ውስጥ ከአንዱ ሳብ መሐል እስከ ሌላው መሐል ያለው ርቀት፣ ሳቡ እስከ 100 ሄርትዝ የሚሠራ ከሆነ፣ ከ1.7 ሜትር አይብለጥ። ረጅም ረድፍ ባሱን ወደ መሐል ስለሚያጠብብ ዳር ያሉት ደረጃ በደረጃ ዲሌይ ይደረግላቸዋል፤ ይህም ለየቦታው የተለየ የፕሮሰሰር መውጫ ይጠይቃል።

አሁን ደግሞ ስለ መለኪያ ማታለያው። «መድረክ ላይ ከዚህ በላይ አይሆንም» ብለው በዲቢኤ (በኤ ሚዛን በተለካ ዴሲቤል) ዋስትና ከሰጧችሁ ዋስትናው ባዶ ነው። የኤ ሚዛን 63 ሄርትዝ ላይ 26 ዴሲቤል፣ 40 ሄርትዝ ላይ ወደ 35 ዴሲቤል ቀንሶ ነው የሚያነበው። መድረኩ እየተንቀጠቀጠ ቁጥሩ ያምራል። በዲቢሲ ይለካ፤ የሲ ሚዛን 63 ሄርትዝ ላይ የሚቀንሰው 1 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። በስልክ የተለካም አትቀበሉ፣ የስልክ ማይክ ለዚህ ባስ አልተሠራም።

ቀሪውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት ሳውንድ ቼክ ላይ ይህን አሠሩ። የመድረክ ሞኒተሮች (ሙዚቀኛው ራሱን የሚሰማባቸው ስፒከሮች) ይዘጉ፣ ሳቡ ብቻ በ40፣ በ50፣ በ63 እና በ80 ሄርትዝ ተራ በተራ ይጫወት፤ እናንተ ድራመሩ ቦታ ላይ ቁሙ። ወደ ኋላ የዞሩት ሳጥኖች ብቻ ሚዩት ይደረጉ (ድምፃቸው ይዘጋ)። አሠራሩ ትክክል ከሆነ ሳጥን እየተዘጋ መድረኩ ላይ ባሱ *ይጨምራል*፤ ሲከፈቱ ይቀንሳል። በተቃራኒው ሲዘጉ ከቀነሰ ወይም ምንም ካልተለወጠ ካርዲዮይድ የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ሕዝቡ የሚቆምበት ቦታ ሄዳችሁ ድገሙት፤ የዞሩት ሳጥኖች ሲከፈቱ እዚያ ባሱ በጉልህ ከደከመ ፖላሪቲው ወይም ዲሌዩ ተሳስቷል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሥራውን የሚያውቅ አከራይ በደስታ ያሳያችኋል።

በጀታችሁ ከአራት ሳብ የማያልፍ ከሆነ ይህን ፓኬጅ ባትገዙት ይሻላል። ሳቡን ከመድረኩ ጠርዝ ፊት መሬት ላይ አስቀምጡ፣ ድራመሩን ከ2 ሜትር ወደ 4 ሜትር አርቁት፣ ገላጣ ቦታ ላይ በነፃ 6 ዴሲቤል አገኛችሁ። ሳቡ ከሚክሰሩ በተለየ መውጫ ይመገብና ኪክ (የድራሙ ትልቁ ከበሮ)፣ ቤዝ ጊታር፣ ኪቦርድና ከበሮ ብቻ ይግቡበት፤ የድምፃውያን ማይክና ሞኒተር ከ100 ሄርትዝ በታች ይቆረጥ። ድራመሩ ባስ ካማረው ለብቻው አንድ ትንሽ ሳብ ይሰጠውና በራሱ ፍላጎት ያስከፍት።

ፓኬጁን መግዛታችሁ ካልቀረ ግን ውሉ ላይ እነዚህ ይጻፉ፦ የሳቡ ሞዴልና ብዛት፣ ስንቱ ወደ ፊት ስንቱ ወደ ኋላ እንደሚዞር፣ የአምፕሊፋየር ቻናልና የፕሮሰሰር መውጫ ብዛት፣ ከዞረው ሳጥን ፊት የሚተወው ክፍት ቦታ፣ የሚዩት ፍተሻው ሰዓት፣ ፍተሻው ካልተሳካ ከሒሳቡ የሚቀነሰው መጠን። የፍተሻው ሰዓት ከእንግዳ መግቢያ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይቅደም፤ ሳጥን ከመድረክ ስር ጎትቶ ማውጣትና መልሶ መደርደር ጊዜ ይበላልና።