በጅማ የተሰጠ የብርሃን አጠቃቀም ሥልጠና፦ ከጎርደን ዊሊስ ሥራ ምን ተማርን?

በጅማ ሂርማታ አካባቢ የሚገኝ አንድ ስቱዲዮ ለቪዲዮ ቀራጮች የሚሰጠውን የብርሃን አጠቃቀም ሥልጠና ተከታትያለሁ። ከሥልጠናው ሁሉ የላቀው በአሜሪካዊው ሲኒማቶግራፈር (የፊልም ቀረጻና ብርሃን ባለሙያ) በጎርደን ዊሊስ ሥራ ላይ የተመሠረተው ክፍል ስለሆነ፣ አስተያየቴ በእርሱ ላይ ያተኩራል።

እ.ኤ.አ. በ1931 በኒውዮርክ የተወለደውን ዊሊስን ይበልጥ ያስጠራው በ1972 ለእይታ የበቃው «ዘ ጎድፋዘር» ነው። የፊልሙ ተዋናይ የማርሎን ብራንዶ ሜካፕ በወጉ እንዲታይ መብራቱን ከአናቱ በላይ ሰቀለው፤ ዓይኖቹ በጥላ ሲሸፈኑም ተመልካቹ የሰውየውን ሐሳብ ማንበብ ያቅተዋል። አሠልጣኙ ይህን በቃል ብቻ አልተወውም። አንድ መብራት ከኮርኒሱ አንጠልጥሎ፣ ብርሃኑ እንዲለዝብ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ወጥሮ፣ አንድ ሠልጣኝ ከታች አስቀመጠ። ልጁ ቀና ሲል ዓይኖቹ ይታያሉ፤ አንገቱን ትንሽ ሲደፋ ከቅንድቡ በታች ያለው ሁሉ ይጨልማል።

ፊልሙ በሠርግ ቀን መጀመሩ በተለይ ለእኛ ጠቅሞናል። ውጭ በፀሐይ የሚጨፍረው ሠርገኛና በጨለማው ቢሮ ውስጥ የሚመከረው ጉዳይ እየተፈራረቁ ይታያሉ፤ እኛ ግን የሙሽሪትን ቤትም አዳራሹንም በአንድ ዓይነት ነጭ መብራት ማጥለቅለቅ ለምደናል። በጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ባደረግነው ልምምድ ከእንጨቱ በረንዳ ጥላ ሥር የቆመ ሰው ስንቀርጽ፣ ፊቱ እንዲጨልም መፍቀድ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ በሚገባ ተረዳሁ። ዊሊስ ያንን ድፍረት ያሳየው የስቱዲዮ ኃላፊዎች ፊልሙ ጨለመ ብለው እየሰጉ ነበር፤ ወርቃማ ቢጫ ቀለሙም ከዚያ ወዲህ ያለፈ ዘመንን ለሚያሳዩ ብዙ ፊልሞች አርአያ ሆኗል።

ቅር ያሰኘኝ ነገርም አለ። የሙያ ባልደረባው ኮንራድ ሆል ለዊሊስ ያወጣለት ቅጽል ስም፣ «የጨለማው ልዑል»፣ ደጋግሞ ሲነሳ፣ ዊሊስ በ1979 በጥቁርና ነጭ የቀረጸው «ማንሃታን» ግን በጥድፊያ ታልፏል፤ ሰውየው የጨለማ ባለሙያ ብቻ ተደርጎ መቅረቡ ያጎድለዋል። በዚያ ላይ የክፍሉ መስኮቶች መጋረጃ ስለሌላቸው የጨለሙት ትዕይንቶች በስክሪኑ ላይ በቅጡ አይለዩም፤ ለዚህ ትምህርት ደግሞ መጋረጃ ከካሜራ ያላነሰ ያስፈልጋል።

ዊሊስ ሁለት ጊዜ ለኦስካር ታጭቶ አላሸነፈም፤ የክብር ሽልማቱን ያገኘው በ2009 ነው። ሥልጠናውን ሠርግና ዘጋቢ ፊልም ለሚቀርጹ ሁሉ ከልብ እመክራለሁ፤ ኤክስፖዠር (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) በእጅ ማስተካከልን ያልለመደ ጀማሪ ግን ያንን አስቀድሞ ቢማር ይሻለዋል።