ቺርፕስታክ ሲፈተሽ፦ የራስን የሎራዋን ሰርቨር ከፒያሳ እስከ ለገሀር

የውሃ ቆጣሪን፣ የጄኔሬተርን ናፍጣ ወይም የመድኃኒት ማቀዝቀዣን ሙቀት በሴንሰር መከታተል ለሚፈልግ የሕንፃ አስተዳደር፣ ከነጻዎቹ የሎራዋን ሰርቨሮች ቺርፕስታክን እናስቀድማለን። ሎራዋን ሴንሰሮች በጥቂት ኃይል ከሩቅ በሬዲዮ መረጃ የሚልኩበት ሥርዓት ነው፤ ሰርቨሩ መልእክታቸውን ይቀበላል። የቺርፕስታክ ኮድ በኤምአይቲ ፈቃድ ለማንም ክፍት ነው፤ በሴንሰር ብዛት የሚጠየቅ ክፍያም የለም። ለአዲስ አበባ የሚመቸው ግን በሌላ ምክንያት ነው፦ ሰርቨሩና ጌትዌዩ (የሴንሰሮቹን ሬዲዮ ተቀብሎ ወደ ሰርቨሩ የሚያስተላልፈው መሣሪያ) በአንድ የውስጥ መስመር ላይ እስካሉ ድረስ፣ ኢንተርኔት ጠፍቶ ቢውል እንኳ መረጃው መመዝገቡን አያቆምም።

ተከላው አያስቸግርም። በቨርዥን 4 ቀድሞ ለየብቻ የነበሩት የኔትወርክና የአፕሊኬሽን ሰርቨሮች አንድ ፕሮግራም ሆነዋል። አብረውት የሚሠሩት ፖስትግሬስኪውኤል (ዳታቤዙ)፣ ሬዲስ (ጊዜያዊ ማኅደሩ) እና ሞስኪቶ (መልእክት አቀባባዩ) ናቸው፤ ከጌትዌዩ የሚላከውን የሚቀበለው ደግሞ ጌትዌይ ብሪጅ ነው። ሁሉም በፕሮጀክቱ የዶከር ኮምፖዝ ፋይል (ፕሮግራሞችን አንድ ላይ በሚያስነሳ ፋይል) ተዘጋጅተው ስለሚመጡ በአንድ ትእዛዝ ይነሳሉ። ገጹ በፖርት 8080 ይከፈታል፤ መግቢያ ስሙም ፓስወርዱም «አድሚን» ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። ቀጥሎ በኮንፊግ ፋይሉ ያለውን ሚስጥራዊ ቁልፍ፣ ከዚያ ሞስኪቶ ማንንም ያለ ፓስወርድ የሚያስገባበትን መስመር። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ካልተዘጋ በዚያው ኔትወርክ ያለ ማንኛውም ሰው መልእክቶቹን ማየት፣ ራሱም መላክ ይችላል።

ለአንድ ሕንፃ ራዝቤሪ ፓይ 4 የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ይበቃል። ዳታቤዙን ግን ሜሞሪ ካርድ ላይ አታስቀምጡ፤ መብራት ድንገት ሲሄድ እየተጻፈ የነበረው ፋይል ይበላሻል። ኤስኤስዲ ዲስክና አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ግዙ። ፓይ 4 ባለባትሪ ሰዓት ስለሌለው መብራት ተመልሶ ኢንተርኔት ካልመጣ ሰዓቱ ወደኋላ ይቀራል፣ የመዝገቡ ሰዓትም ይዛባል። እንደ ዲኤስ3231 ያለ ሰዓት ያዥ ሞጁል ይህን ይፈታል።

ጌትዌዩ ባለ 8 ቻናል ይሁን። በርካሽ የሚገኘው ባለ 1 ቻናል ለሎራዋን አይሆንም፦ በኢዩ868 (በ868 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባለው የአውሮፓ የፍሪኩዌንሲ ክልል) ሴንሰሩ ቢያንስ 868.1፣ 868.3 እና 868.5 ሜጋኸርዝ ላይ እየተቀያየረ ስለሚልክ ከሦስቱ ሁለቱ ይጠፋሉ። አንቴናው ሳይታሰር ጌትዌዩን አታብሩ። መሣሪያና ፍሪኩዌንሲውን በተመለከተ ከመግዛታችሁ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ።

ጌትዌዩ በገጹ ላይ «ታይቶ አያውቅም» ካለ፣ ፖርት 1700 በዩዲፒ ክፍት መሆኑንና ባለ 16 ፊደሉ መለያ በትክክል መግባቱን እዩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የኤምኪውቲቲ ቶፒኩ (ሞስኪቶ መልእክቱን የሚያደርስበት አድራሻ) ነው። ቨርዥን 4 ቶፒኩ በክልሉ ስም፣ ማለትም በ«ኢዩ868» እንዲጀምር ይጠብቃል፤ ከቨርዥን 3 የተገለበጠ የብሪጅ ኮንፊግ ይህ ስለሌለው መልእክቱ ሞስኪቶ ጋ ደርሶ እዚያው ይቀራል። ሎጉም ስለዚህ ምንም አይልም። የፕሮጀክቱ ትልቁ ድክመት ይህ ዝምታው ነው።

ሴንሰር ሲመዘገብ የሎራዋን ቨርዥኑ ከመሣሪያው ጋር ካልገጠመ ወይም ቁልፉ ከተሳሳተ ሎጉ ላይ የኤምአይሲ (የመልእክቱ እውነተኛነት ማረጋገጫ ኮድ) ስህተት ይወጣል። በኤልሚክ ላይብረሪ (በተዘጋጀ የሎራዋን ኮድ) የተሠራ ሴንሰር ከሆነ ዴቭኢዩአይው (የሴንሰሩ መለያ) ባይቶቹ ተገልብጠው፣ አፕኪው (ሚስጥራዊ ቁልፉ) ግን ሳይገለበጥ እንደሚጻፍ አትርሱ። ባትሪው በተነቀለ ቁጥር ዴቭኖንሱን (ኔትወርኩን ለመቀላቀል በጠየቀ ቁጥር የሚልከውን፣ መደገም የሌለበትን ቁጥር) እንደ አዲስ የሚጀምር ሴንሰርም ሰርቨሩ አልቀበልም ይለዋል፤ በገጹ ላይ የድሮዎቹን ኖንሶች ማጽዳት ለጊዜው ይረዳል፣ ዘላቂው መፍትሔ ግን ፈርምዌሩን (የሴንሰሩን የውስጥ ፕሮግራም) ማስተካከል ነው።

ዋናው ፈተና ከዚህ በኋላ ነው። ብዙዎች መረጃ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ሙከራውን ያቆማሉ፤ ወደ ሴንሰሩ የሚላከውን ትእዛዝ አይሞክሩም። ጌትዌዩ በሞባይል ዳታ ከራቀ ሰርቨር ጋር ሲገናኝ የሚሆነው ይህ ነው፦ ሴንሰሩ ኔትወርኩን ለመቀላቀል ሲጠይቅ የሚላክለት መልስ 5 ሰከንድ ጊዜ ስላለው በሰላም ይደርሳል። ተራው ትእዛዝ ግን ሴንሰሩ ከላከ ከ1 ሰከንድ፣ ካልሆነም ከ2 ሰከንድ በኋላ በሚከፈተው መስኮት (ሴንሰሩ በሚሰማበት አጭር ጊዜ) መግባት አለበት፤ ከዚህ አጭር ጊዜ ላይ ቺርፕስታክ ራሱ የተደጋገሙ ፓኬቶችን ለመሰብሰብ 200 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ኔትወርኩ ሲጨናነቅ ጌትዌዩ «ዘግይቷል» ብሎ ይመልሳል፣ ለምሳሌ እንዲዘጋ የታዘዘ የውሃ ቫልቭም ሳይዘጋ ይቀራል። በኢዩ868 ክልል ኮንፊግ ውስጥ የመጀመሪያውን መስኮት መዘግየት ከ1 ወደ 3 ሰከንድ አድርጉት። ባለባትሪው ክላስ ኤ ሴንሰር የሚሰማው ራሱ ከላከ በኋላ ብቻ መሆኑንም አስቡ፤ በሰዓት አንዴ የሚልክ ከሆነ ትእዛዙ ሰዓቱን ሙሉ ሊጠብቅ ይችላል። ቶሎ መዘጋት ላለበት ነገር ከመብራት መስመር የሚሠራና ሁልጊዜ የሚሰማ ክላስ ሲ ውሰዱ።

የቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ለሬዲዮ ይመቻል፤ ከላይ ከማዘጋጃ ቤት አካባቢ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ አንቴና ወደ ለገሀር ሰፊ እይታ አለው። አንቴናው ከቆርቆሮው በላይ ይውጣ፤ ለክረምቱ መብረቅም በኬብሉ ላይ መከላከያ ይታሰርለት። ምድር ቤት ላለ ቆጣሪ የኤስኤንአር ቁጥሩን (ምልክቱ ከጫጫታው ጋር ሲነጻጸር ያለውን ጉልበት) ተከታተሉ፦ በፈጣኑ ስርጭት በኤስኤፍ7 እስከ -7.5፣ በዘገምተኛው በኤስኤፍ12 እስከ -20 ዴሲቤል ድረስ ይነበባል። -18 ላይ የሚንከላወስ ሴንሰር በር ሲዘጋ ይጠፋልና እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሁለተኛ ጌትዌይ ይጨመርለት።

ቺርፕስታክ መሠረታዊ ግራፍ እንጂ ማንቂያ የለውም፤ ለዚያ ግራፋና የተባለውን የግራፍና የማንቂያ ፕሮግራም አያይዙ። የፖስትግሬስ ቅጂም በየሌሊቱ ወደ ሌላ ዲስክ ይውጣ፤ የሴንሰሮቹ ቁልፎች ያሉት እዚያ ነው፣ ሌላ ቦታ ሳይመዘገቡ ከጠፉ እያንዳንዱን ቆጣሪ ሄዶ ከመክፈት ውጭ ምርጫ አይኖርም።