ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት፦ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ይሻላል ወይስ በቀጥታ አራት አመት?

አሜሪካ ውስጥ ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት መማር የሚያስብ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "የቱ ይረክሳል?" ነው። ዋጋውማ ግልፅ ነው፣ ኮሌጅ ቦርድ ባወጣው አማካይ በ2024-25 ኮሚኒቲ ኮሌጅ (የሁለት አመቱ የአካባቢ ኮሌጅ) ለአካባቢው ነዋሪ በአመት 4,050 ዶላር፣ የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ለስቴቱ ነዋሪ 11,610 ዶላር ነበር፣ መፅሀፍና የቤት ኪራይ ሳይጨመር። ግን ርካሹ ረከሰ የሚባለው የወሰዳችሁት ክሬዲት በኋላ ከተቆጠረላችሁ ነው፣ ይቺን ደግሞ እኔ የተማርኳት ከኪሴ ከፍዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ውስጥ "የሁለት አመት ዲግሪ" የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። ኤኤኤስ የሚባለው ጨርሳችሁ በቀጥታ ስራ እንድትገቡ የተዘጋጀ ነው፣ ብሉፕሪንት ሪዲንግ (ፕላን ማንበብ)፣ ኢስቲሜቲንግ (የእቃና የወጪ ግምት)፣ ስኬጁሊንግ (የስራ ጊዜ ሰሌዳ)፣ ሴፍቲ፣ ኮንትራክት ምናምን ይበዛበታል። ኤኤስ ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገሪያ ነው፣ ሂሳቡና ፊዚክሱ ይበዛል። ሁለቱም 60 ክሬዲት አካባቢ ናቸው፣ ለባችለር የሚያስፈልገው ደግሞ 120 አካባቢ ስለሆነ ሰው "ግማሹን ጨረስኩ" ብሎ ያስባል። እኔም እንደዛ ብዬ ኤኤኤሱን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ሳመለክት ግማሹ እንኳን ለዲግሪው አልተቆጠረልኝም። የኮሌጁ አማካሪ "ክሬዲቱ ይተላለፋል" ብላኝ ነበር፣ አልዋሸችም፣ መተላለፉንማ ተላልፏል፣ ግን አብዛኛው ኢሌክቲቭ (የምርጫ ኮርስ) ሆኖ ቁጭ አለ፣ የዲግሪውን ግዴታ ኮርስ አይተካም፣ ከዛ ካልኩለስና ፊዚክስ ከዜሮ። አንድ አመት ሄደ በቃ።

ትምህርቱን ካያችሁት ግን ኮሚኒቲ ኮሌጁን አላማውም፣ እንደውም በአንዳንድ ነገር ይበልጣል ባይ ነኝ። ክላሱ ማታ ነው፣ አጠገብህ የሚቀመጠው አናፂ ወይ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ አስተማሪው ራሱ ቀን ሳይት ላይ ውሎ ቡትሱ ላይ ጭቃ ይዞ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን ኢስቲሜቲንግ ክላስ 20 በ30 ጫማ የሆነ ወለል 4 ኢንች ውፍረት ሰጠንና ስንት ኮንክሪት ታዛላችሁ አለ። እኔ በሜትር ያደግኩ ሰው ኢንቹን ወደ ጫማ ቀይሬ 200 ኪዩቢክ ጫማ አገኘሁ፣ አንድ ኪዩቢክ ያርድ 27 ኪዩቢክ ጫማ ስለሆነ ለ27 አካፍዬ 7.4 ያርድ፣ እና ኮራ ብዬ "ሰባት ተኩል" አልኩ። ሳቀብኝ። "መሬቱ እንደ ወረቀቱ ለጥ ያለ መሰለህ? ዝቅ ያለ ቦታ ሁሉ ኮንክሪት ይበላል፣ 8 እዘዝ፣ ግማሽ ያርድ ጎድሎህ ሁለተኛ መኪና ስትጠብቅ የመጀመሪያው ይደርቅብሃል" አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ እንደዚህ የነገረኝ አስተማሪ የለም፣ እዛ ፋይናንሱ፣ ስትራክቸሩና ሶፍትዌሩ ነው ጠለቅ የሚለው።

ዩኒቨርሲቲው በግልፅ የሚበልጠው በስራ መግቢያው ነው። ትልልቅ ጄነራል ኮንትራክተሮች ካምፓስ ድረስ መጥተው ነው ኢንተርን የሚመለምሉት፣ ያ ኢንተርንሺፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ቋሚ ስራ ይለወጣል። የሰራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮም ለኮንስትራክሽን ማናጀር የተለመደው መግቢያ ባችለር ነው ይላል፣ በ2024 መካከለኛ ደሞዙ 106,980 ዶላር ነበር። ይሄን ቁጥር አይቶ በሁለት አመት ዲግሪ ወዲያው የሚደርስበት የሚመስለው ሰው አለ፣ አይደለም። በኤኤኤስ የሚጀመረው አሲስታንት ሱፐርኢንተንደንት፣ ጁኒየር ኢስቲሜተር፣ ፕሮጀክት ኮኦርዲኔተር አካባቢ ነው፣ ከዛ በልምድ እየወጡ መሄድ ነው።

ስለዚህ ሳይት ላይ አመታት የሰራ፣ ቤተሰብ ያለውና ቀን ስራ መልቀቅ የማይችል ሰው ከሆነ ሳላመነታ ኤኤኤስ ነው የምለው፣ ልምዱ አለው፣ የጎደለው ወረቀቱና ኮምፒውተሩ ነው። ሃይስኩል የጨረሰ ልጅ ከሆነ ግን ወይ በቀጥታ አራት አመት ወይ በኤኤስ ገብቶ መሻገር፣ ኤኤኤስ አይነካ።

ሀገር ቤት ሲቪል ኢንጂነሪንግ ጨርሶ የመጣ ሰው ደግሞ ሌላ ነው። ለእናንተ ሁለት አመት ሙሉ እንደገና መማር ብክነት ይመስለኛል፣ ዲግሪያችሁን አስገምግማችሁ ኮሚኒቲ ኮሌጅ አጭር ሰርተፍኬት ብትወስዱ፣ ኦሻ 30 ብትጨምሩ (የስራ ደህንነት ስልጠና ነው፣ 30 ሰአት፣ ኦንላይንም አለ)፣ የዚህን ሀገር ኮድና ኮንትራክት ብትለምዱ ይበቃል። አንድ ነገር ግን እወቁ፣ ፔል ግራንት (የማይመለስ የመንግስት የትምህርት እርዳታ) በ2025-26 እስከ 7,395 ዶላር ይሰጣል ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ ባችለር ላለው ሰው አይሰጥም፣ ዲግሪው የውጭ ሀገርም ቢሆን ያው ነው። ፋፍሳ (የእርዳታው ማመልከቻ ፎርም) ስትሞሉ "ዲግሪ የለኝም" እንዳትሉ፣ በኋላ ገንዘቡን መልሱ ትባላላችሁ።

ኤሲሲኢ የሚባለው የዘርፉ አክሬዲቴሽን (የጥራት እውቅና) ለሁለት አመቱም ለአራት አመቱም ፕሮግራም ይሰጣል፣ ካለው ጥሩ ነው፣ ከሌለው ግን ኮሌጁ የማይረባ ነው ማለት አይደለም።

መሻገር የሚያስብ ሰው ከመመዝገቡ በፊት ኮሌጁን ሳይሆን የሚሄድበትን ዩኒቨርሲቲ ይጠይቅ። ጥያቄው "ይተላለፋል ወይ?" አይደለም፣ "ከእነዚህ ኮርሶች የትኛው የትኛውን የዲግሪ ኮርስ ይተካልኛል?" ነው፣ ከኮሌጁ ጋር አርቲኩሌሽን አግሪመንት (የትኛው ኮርስ የትኛውን እንደሚተካ የተስማሙበት ውል) ካላቸው ወረቀቱን ይላኩላችሁ። በኢሜይል ጠይቁ፣ በስልክ እንዳይሆን፣ እኔ ያቺ አማካሪ የነገረችኝን የማሳይበት አንድ መስመር ፅሁፍ እንኳን አልነበረኝም።